ቢምቢና መጽሐፍ

ሸደር ከጅግጅጋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በአውበሬ በኩል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ስላለባት ጠያቂ አጥታ አታውቅም። አንድ ቀን እዚያ ከሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ጋር በወተት የተፈላ ሻይ ይዘን ስንጫወት፣ አንድ ሽማግሌ ማስታወሻ ደብተሬን አይተው በሶማልኛ የሆነ ነገር አሉ። ተማሪዬ እየሳቀ ተረጎመልኝ።

«ጋሼ፣ ‹ባለፈው የመጡት የነገርናቸውን ወስደው የት አደረሱት? ለመሆኑ ልክ ጽፈውታል?› እያሉ ነው።»

እኔ አልሳቅሁም። ለምን እንዳልሳቅሁ ወደ ኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን በዚያው አገር ስላለፈ አንድ የጥንት ጠያቂ ላውጋችሁ።

በ1854 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን እንደ ዓረብ ነጋዴ ለብሶ ከዘይላ ተነሣ። በጅግጅጋ አካባቢ ያለውን የማራር ሜዳ አልፎ በ1855 መባቻ ሐረር ገባ፤ አሥር ቀን ሰንብቶ ወጣ። በ1856 ለንደን ላይ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የአካባቢውን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ዛሬም የሚያገላብጠው ነው። ሰውየው ቋንቋ አዋቂ፣ ዓይነ ንቁ ነበር።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ጉደኛ ቦታ አለች። የአገሩ ሰዎች የቢምቢ ንክሻ ገዳይ ትኩሳት ያመጣል እንደሚሉ በርተን ይመዘግባል። ወዲያው ደግሞ ይህ አጉል እምነት ነው ይለናል፤ ቢምቢውም ትኩሳቱም የሚበረቱት በአንድ ወቅት ስለሆነ ሰዎቹ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዘውት ይሆናል ብሎ ያስረዳል።

ልብ በሉ፤ በርተን አልዋሸም። የነገሩትን ጽፏል። ክርክሩም የዋዛ አይደለም፤ ሁለት ነገሮች አብረው ስለመጡ አንዱ የሌላው መንሥኤ ነው እንደማይባል ዛሬም የስታትስቲክስ መምህር ገና ከጅምሩ ያስተምራል። የዘመኑ ሕክምናም ከጎኑ ነበር። ማላሪያ የሚለው የጣልያን ቃል ራሱ መጥፎ አየር ማለት ነው፤ በሽታው ከረግረግ በሚነሣ አየር ይመጣል ይባል ነበርና። ታዲያ ምን ጎደለው? አልፈተነውም። መሣሪያውም አልነበረው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። «አላውቅም» ለማለት ግን መሣሪያ አያስፈልግም።

መጽሐፉ ከታተመ ከ41 ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ የቢምቢ ሆድ ቀድዶ የወባን ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ አየ። በ1902 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። አያቶቻችን ያሉት ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም፤ እነሱም ቢሆኑ አልፈተኑም። ነገሩን የለየው ፈትኖ ያየው ሰው ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እሳቸው በላቦራቶሪ ፈተኑት። ሆኖም የአፍሪካ ላቦራቶሪ ውጤት በምዕራባውያን ዘንድ ለዓመታት ታማኝነት አጣ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ያልተፈተነው ግምት በለንደን ማተሚያ ቤት ተከብሮ ኖረ፤ የተፈተነው ግኝት በአድራሻው ተጠረጠረ።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉ። በ2005 ጆን ዮአኒዲስ የተባለ የሕክምና ተመራማሪ፣ ከታተሙ የምርምር ግኝቶች አብዛኞቹ ለምን ሐሰት እንደሚሆኑ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። ናሙናው ያንሳል፤ አጥኚው የሚመኘው ውጤት እስኪመጣለት ቁጥሩን ያገላብጣል፤ መጽሔቱም «አገኘሁ» ያለውን እንጂ «አላገኘሁም» ያለውን ማተም አይወድም። በ2015 አንድ መቶ የሥነ ልቦና ጥናቶች ተደግመው ተሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው ውጤት አግኝተናል ያሉ ነበሩ፤ ሲደገሙ ግን ውጤት የታየው በ36 በመቶው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት በመጠይቅ አስሞይነት ተቀጥሬ ነበር። የሚከፈለን በተሞላው ወረቀት ቁጥር ነው። በመጨረሻው ቀን ዝናብ ጣለ፤ የቀሩኝ አሥራ አንድ ቤቶች ከወንዙ ማዶ ነበሩ። ሾላ ሥር ቁጭ ብዬ አሥራ አንዱንም ራሴ ሞላኋቸው። እንዳይነቃብኝ ቀደም ብዬ የሰማኋቸውን መልሶች ትንሽ ትንሽ እየለዋወጥኩ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አይደለሁ! ለአንዷ እንዲያውም የሞተ ባልና ሦስት ፍየሎች ሰጠኋት። አሠሪዎቼ ወረቀቱን ቆጥረው ከፈሉኝ፤ ወንዙን ተሻግሮ ያጣራ ሰው አልነበረም። ጥናቱ ታተመ። እነዚያ የሌሉ አባወራዎች ዛሬም በሰንጠረዡ ውስጥ ይኖራሉ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ለማንም አልተናገርኩም።

«ምን ልበላቸው?» አለኝ ተማሪዬ።

«ልክ ላይጻፍ ይችላል በላቸው። ሌላ ሰው መጥቶ ደግሞ ቢጠይቅዎት አይሰልቹ በላቸው» አልኩት።

ሽማግሌው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በጣታቸውም ደብተሬን እያመለከቱ አንድ ነገር አሉ።

«‹ይኸንንም ጻፈው› ይላሉ ጋሼ» አለኝ።

ይኸው ጻፍኩት።