ሙዝ፣ ባናና እና «የውሸት» የተባለው እንሰት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህን አባባል ሳንመረምር ስንደግመው ኖረናል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በወጣን ዕለት ግን ጥርጣሬ ገባን። ለካ መልአክ ያወጣው ስም እንዳለ ሁሉ፣ መርከበኛ ያወጣው፣ ነጋዴ ያወጣው፣ ሲብስም አላፊ አግዳሚ ያወጣው ስም አለ!

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከአርባ ምንጭ ሲነሡ የአባያ ሐይቅን በስተቀኝ ትተው የጫኖንና የላንቴን የሙዝ እርሻ እያዩ ይጓዛሉ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ከዚያ መኪናው ወደ ግራ ታጥፎ ዳገቱን ሲያያዘው አየሩ ይለወጣል፤ ጭጋግ ይመጣል፤ ሹራብ ያልያዘ ይጸጸታል። ሙዙ ከኋላ ይቀርና ቀርከሃና እንሰት ይተካሉ። ዶርዜ ሲደርሱ ከቀርከሃ ተሠርተው በእንሰት የተከደኑት ረጃጅም ቤቶች ይቀበሉዎታል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ተወጥቷል ማለት ነው።

እዚያ ከአንድ ግቢ ስንገባ ፈረንጆች ቀድመውን ደርሰው ኖሮ አንድ አስጎብኚ እንሰቱን እያሳየ «ፎልስ ባናና» ይላቸዋል። የውሸት ሙዝ መሆኑ ነው። እንሰቱን ቁጭ ብለው ይፍቁ የነበሩ አንዲት እናት የፈረንጆቹን ሣቅ ሲሰሙ ቀና አሉና በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቁ። የዚያው አገር ልጅ የሆነው ጓደኛችን የተባለውን ተረጎመላቸው። ቢላዋ በሚመስለው የቀርከሃ መፋቂያቸው እንሰቱን ነካ አድርገው «ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» አሉ።

እስቲ ምን ይባላል? መልስ አጣን፤ ተያየን፤ ዝም አልን። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ለእማማ ሳንሰጣቸው የቀረነው መልስ ነው። መልሱን ለማግኘት ደግሞ በመጀመሪያ «እውነተኛ» የተባለው ሙዝ ስሙን ከየት እንዳመጣ መጠየቅ ግድ ሆነብን። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሙዝ የትውልድ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያና ኒው ጊኒ ነው። በኒው ጊኒ ደጋ፣ ኩክ በተባለ ረግረጋማ ስፍራ፣ ከሰባት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ሰው ሙዝ ያለማ እንደነበር የመሬት ቁፋሮ አሳይቷል። ከዚያ ወደ ሕንድ ተሻገረ። በሳንስክሪት «ሞቻ» ተባለ። ፋርሱ ተቀብሎ «ሞዝ» አለው፤ ዐረቡ ከፋርሱ ወስዶ «መውዝ» አለው፤ ቱርኩ «ሙዝ»፣ ሶማሌው «ሙስ»፣ ኦሮሞው «ሙዚ»፣ እኛም «ሙዝ» አልነው። ቃሉ እንደ ሙዙ ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ የተቀባበሉት ነው። ላንቴ መንገድ ዳር «ሙዝ! ሙዝ!» እያለ መኪና የሚያስቆመው ልጅ የሕንድን የጥንት ቃል እየተጣራ እንደሆነ ማን ነገረው?

ይኸው ቃል ነው በሌላ በር ወደ አውሮፓ የገባው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1736 በኔዘርላንድ፣ በባለጠጋው በጆርጅ ክሊፈርድ የአትክልት ስፍራ፣ የሙዝ ተክል ሲያብብ ለማየት በቅቶ ስለዚያው አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በ1753 ደግሞ ለተክሉ «ሙሳ ፓራዲሲያካ» የሚል ስም አወጣለት። «ሙሳ» ያው «መውዝ» ነው። የአውግስጦስ ቄሣር ሐኪም በነበረው በአንቶኒዮስ ሙሳ ስም ነው የሚሉም አልጠፉም፤ የዐረብኛው ምንጭ ግን ይበልጥ የታወቀ ነው። «ፓራዲሲያካ» ማለት «የገነት» ማለት ሲሆን፣ አዳም የበላው ፍሬ ሙዝ ነው የሚል የቆየ ወግ ስለነበረ ነው። አውሮፓውያኑ «የአዳም በለስ» እያሉ የጠሩትም በዚሁ ሰበብ ነበር።

«ባናና» የሚለው ሌላ መንገድ አለው። ከእኛ መካከል እንግሊዝኛ ለማሳመር «ባናና» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ቃሉ እንግሊዝኛ አይደለም፤ አፍሪካዊ ነው። ፖርቱጋሎች በጊኒ የባሕር ጠረፍ ሲነግዱ ከምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች የሰሙት ስም ነው። በሕንድ ጎዋ ይኖር የነበረው ፖርቱጋላዊው ሐኪም ጋርሲያ ዳ ኦርታ በ1563 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ፍሬ በጊኒ «ባናና» እንደሚሉት ጽፏል። ከዚያ በፊት በ1516 ቶማስ ደ በርላንጋ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ ተክሉን ከካናሪ ደሴቶች ወስዶ በካሪቢያን ባሕር ሂስፓኞላ ደሴት እንደተከለው ተመዝግቧል። ተክሉ በመርከብ፣ ቃሉም በመርከበኛ አፍ አትላንቲክን ተሻገሩ።

ከዚያ ወዲያ ፖርቱጋሉ «ባናና»፣ ጣሊያኑ «ባናና»፣ ፈረንሳዩ «ባናን»፣ ጀርመኑ «ባናነ»፣ ሩሲያዊውና ሀንጋሪው «ባናን» አሉ። አውሮፓ በስንት ነገር ተጣልታ በዚህ ቃል መስማማቷ ይገርማል! ያፈነገጠ ግን አለ። የስፔኑ «ፕላታኖ» ሙዙን ባየ ጊዜ ከአገሩ ያውቀው በነበረው ሰፊ ቅጠል ባለው ዛፍ ስም የጠራው ይመስላል። በደቡብ አፍሪካ ያሉት የደች ዘሮች ደግሞ ከማላይኛ ወስደው «ፒሳንግ» አሉት።

አንድ ነገር ጨምረን ወደ ደጋው እንመለስ። ዛሬ በአርባ ምንጭ ዙሪያ የሚለማው ሙዝ አብዛኛው «ካቬንዲሽ» የሚባለው ዘር ነው። ካቬንዲሽ የሰው ስም ነው። በ1830ዎቹ ከሞሪሺየስ የመጣውን ተክል ጆሴፍ ፓክስተን የተባለ አትክልተኛ እንግሊዝ አገር በቻትስዎርዝ አሳድጎ በጌታው፣ በዴቮንሺር መስፍን በዊሊያም ካቬንዲሽ የቤተ ሰብ ስም ጠራው። እንግዲህ የላንቴ ገበሬ በሬ ሸጦ የተከለው ሙዝ የሕንድ ስም፣ የዐረብ አጠራርና የእንግሊዝ መስፍን ማዕረግ ተሸክሞ ይበቅላል ማለት ነው። ይህን የምንለው ሙዙን ለማሳነስ አይደለም። ስንቱን ተማሪ ያስተማረ፣ ስንቱን ጎጆ ያቆመ ሙዝ ነው። እንግዳ ነው ለማለት ብቻ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ነውር የለበትም።

አሁን ወደ እንሰት። ጋሞው «ኡትሳ»፣ ወላይታው «ኡታ»፣ ሲዳማው «ዌሴ»፣ ጉራጌው «እሰት»፣ ኦሮሞው «ወርቄ» ይለዋል። በአማርኛችን «እንሰት» እንለዋለን፤ በጎንደርና በጎጃም ደግሞ «ኮባ» ነው። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከሥር የሚያነጥፉት የኮባ ቅጠል ያው የእንሰት ቅጠል መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ልዩነቱን ተመልከቱ። ለሙዝ ሁላችንም አንድ የውሰት ቃል ይዘን እንጠራለን። ለእንሰት ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቃል አለው። እንግዳ ስሙን ይዞ ይመጣል፤ ባለቤት ግን በየቤቱ ስም ይወጣለታል። ይህ በሁሉም ቃል ላይ የሚሠራ ሕግ ነው አንልም፤ እዚህ ላይ ግን የቃሉ ምስክርነትና የተክሉ ታሪክ ይገጥማሉ። እንሰት ዱሩ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይገኛል፤ አልምቶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው።

ስሙ ወደ አውሮፓ የተሻገረበትም ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ እስከ 1771 በአገራችን ከቆየ በኋላ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የእንሰትን ሥዕል ከነስሙ አወጣ። ሥዕሉን አይተው ይህማ ሙዝ ነው ላሉት ሰዎችም አይደለም ብሎ ተከራከረ። ማን ሰምቶት! በዓመቱ በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን «ሙሳ ኤንሴቴ» ብሎ ከሙዝ ወገን መዘገበው። በ1862 ሆራኒኖቭ የተባለ የሩሲያ ሊቅ «ኤንሴቴ» ራሱን የቻለ ወገን ነው ቢልም ነገሩ ተዳፍኖ ቆየ። በመጨረሻ በ1947 እንግሊዛዊው ቺዝማን ሁለቱን ለይቶ እንሰትን «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» አለው። ኤንሴቴ ያው የእኛው እንሰት ነው፤ ቬንትሪኮሱም ማለት በላቲን «ሆድ ያለው» ማለት ነው፤ የግንዱን ሥር ማበጥ አይተው መሆኑ ነው። ከግሜሊን እስከ ቺዝማን 156 ዓመት! የሊቃውንቱ ዓለም ስሕተቱን ለማረም ይህን ያህል ፈጀበት። የመንገዱ ዓለም ግን እስከ ዛሬ «ፎልስ ባናና» ይላል።

ለመሆኑ ሁለቱ ይመሳሰላሉ? በቅጠል አዎን፤ በቤተ ዘመድም አንድ ናቸው። ይሁን እንጂ ሙዝ ለፍሬው ይተከላል፤ የእንሰት ፍሬ ግን በጠንካራ ጥቁር ዘር የተሞላ ነውና ሰው የሚበላው ግንዱንና አሚቾውን ነው። ሙዝ ከሥሩ ልጆቹን ራሱ ያወጣል፤ እንሰት ግን ሰው ካልረዳው በስተቀር እምብዛም አያወጣም። ገበሬው የአሚቾውን እምብርት አውጥቶ አፈር ሲያለብሰው ነው ችግኙ ተንጋግቶ የሚወጣው። ከዚያ እየነቀሉ ማዛወር፣ ዓመታት መጠበቅ፣ መፋቅ፣ መቅበር፣ ማብላላት አለ። ቆጮውና ቡላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣሉ። የመፋቁና የማብላላቱ ሥራ አብዛኛው የሴቶች ነው። ወደ 20 ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ሕዝብ በዚህ ጥበብ ይኖራል። የእማማ መፋቂያ ያን ዕለት ይሠራ የነበረው ይህን ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፤ በዕፅዋት ትምህርት «ሐሰተኛ ግንድ» የሚባል ነገር አለ። ግንድ መስሎ የሚታየው የቅጠሎቹ እግር ተጠቅልሎ የሠራው ስለሆነ ነው። ይህ ግን የሁለቱም ነው። የእንሰቱ ብቻ ሳይሆን የሙዙም ግንድ ሐሰተኛ ነው! ታዲያ ውሸት ከተባለ ሁለቱም ተከሳሾች ናቸው፤ አንዱን ዳኛ አድርጎ ሌላውን መክሰስ ምን ይሉታል?

«እናንተ ደግሞ ነገር ታካብዳላችሁ፤ እንግዳ ሰው እንዲገባው የተባለ ነው» የሚለን ወዳጅ አይጠፋም። እውነት አለው። ያላወቁትን ባወቁት መጥራት የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። ጣሊያን ከአሜሪካ የመጣውን በቆሎ «ግራንቱርኮ»፣ የቱርክ እህል ብሎታል። እኛም በቆሎን «የባሕር ማሽላ»፣ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ብለናል። ግን ልብ እንበል፤ አባቶቻችን ባሕር ዛፍን «የውሸት ጽድ» አላሉትም። ከባሕር ማዶ መጣህ አሉት እንጂ አታላይ ነህ አላሉትም። «ሙዝ የሚመስል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «የውሸት» ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው መምሰሉን ይናገራል፤ ሁለተኛው ይፈርዳል።

ፍርዱ ደግሞ በተክሉ ላይ ብቻ አይቀርም። ከቆጮ ቤት የመጣ ጓደኛችን በምግብ ሰዓት ያደገበትን ምግብ ስም ሲውጥ አይተናል። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። በፈተና ወረቀት ላይ «እንሰት ማለት ፎልስ ባናና» ብለን ጽፈን ማርክ የተቀበልን እዚሁ አለን። የራሳችንን ቃል በሌላ ሰው ቃል አስረዳን፤ ሊቃውንቱ በላቲን «ኤንሴቴ» ሲሉ እኛ አፈርንበት።

ወደ ጨንቻ ዳግመኛ ስንወጣ እማማን ብናገኛቸው «ውሸቱ ስሙ ላይ ነው እንጂ እንሰቱ ላይ የለም» እንላቸዋለን። እስከዚያው ግን አንባቢያን ሆይ፣ አንድ አደራ አለን። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ቅጠሉ ምን ይባላል? ችግኙስ? የመፋቂያው ስም ማን ነው? የጉድጓዱስ? ጽፋችሁ አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።