የልጅ ኢያሱ አጽምና የአምባሰል ዘመዶቻቸው

ከሥልጣን የወረዱት ልጅ ኢያሱ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ። ጣሊያን አገሩን እየወረረ ነበርና ሞታቸው በሹክሹክታ አለፈ። መቃብራቸው የት እንደሆነ እስከ ዛሬ በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር የለም።

ነገ አንድ አጽም ተገኝቶ «የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የኢያሱ ነው» ቢባል ዳኛው ዲኤንኤ ነው፤ ዲኤንኤ ደግሞ የሥጋ ዘመድ ይፈልጋል። ነገሩ ወደ አምባሰል የሚያደርሰን እዚህ ላይ ነው። እቴጌ መነን የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን በአባት የኢያሱ እኅት ነበሩ። የእኅታቸውን ልጅ በ1903 ዓ.ም. ለደጃዝማች ተፈሪ የዳሩት ራሳቸው ኢያሱ ናቸው፤ መስከረም 1909 ከሥልጣን ሲወርዱ አልጋ ወራሽ የሆኑትም እኚሁ ተፈሪ ናቸው።

ታዲያ የእቴጌይቱ ዘሮች ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ? ይችላሉ፤ ግን ቀላል አይደለም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርደው ዋይ ክሮሞዞም በስኂን በኩል አላለፈም። በእናት የሚወርደው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤም አይረዳም፤ የኢያሱ እናት ሸዋረጋ ምኒልክ ናቸው፣ የስኂን እናት ሌላ ናቸው። የቀረው ከንጉሥ ሚካኤል የተወረሰው ተራ ዲኤንኤ ነው። መነን ከአጎታቸው ጋር የሚጋሩት በአማካይ አንድ ስምንተኛ ያህሉን ነው፤ ልጆቻቸው አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ የልጅ ልጆቻቸው አንድ ሠላሳ ሁለተኛ።

ድርሻው እንዲህ ሲሳሳ ፍርዱን የሚወስነው የዘረመል ምልክቶች በሕዝቡ ውስጥ ያላቸውን ድግግሞሽ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የዘረመል ምልክት ቢኖራቸው ዝምድና ነው ወይስ አጋጣሚ የሚባለው፣ ምልክቱ በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ ታይቶ ነው። በአውሮፓ ብርቅ የሆነ ምልክት በወሎ የብዙ ሰው ሊሆን ይችላል። በአውሮፓው ሰንጠረዥ የመዘነ ባለሙያ ባዕዱን ዘመድ ሊያደርገው ይችላል።

ቅርብ ዘመድ ሲኖር ግን ነገሩ ይለያል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎች አለቁ። ለቤተሰቦቻቸው መጀመሪያ የተሰጣቸው የተቃጠለ አፈር ነበር። ከወራት በኋላ የሟቾቹ ማንነት ሲለይ ዋናውን ሥራ የሠራው ዲኤንኤ ነው፤ ናሙና የሰጡት እናት፣ አባት፣ ልጅና ወንድም ነበሩና። ለዘጠና ዓመት አጽም እንዲህ ያለ ቅርብ ዘመድ አይገኝም።

የወሎ ሰንጠረዥ ሲሠራ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻ ናሙና መሰብሰብ አይበቃም። ንጉሥ ሚካኤል እስከ 1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ መሐመድ አሊ ነበሩ። በሐይቅ ዙሪያ አንዱ ወንድም መስጊድ፣ ሌላው እስጢፋኖስ የሚሄድበት ቤት ብርቅ አይደለም፤ ደሙ አንድ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ማን ከማን እንደተወለደ ይናገራሉ፤ ቤተ ሙከራ ያንን ብቻውን አይደርስበትም።

ስለዚህ መቃብር ከመቆፈር በፊት ሁለት ሥራ ይቅደም። የወሎ ዩኒቨርሲቲና የጤና ተቋሞቻችን በሰዎቹ ፈቃድ፣ ምስጢራቸውን ጠብቀው፣ ከአምባሰልና ሐይቅ ካለበት ከተሁለደሬ የዘረመል ናሙና ይሰብስቡ። እናንተም አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ የዘር ሐረጋችሁን ጠይቃችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ።