ደረቅ ቆሻሻና የተበታተነ ሥልጣን፦ የአካባቢ ሕጎች ቅንጅት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ውሃቸው ግን በአንድ አስተዳደር የሚጠቃለል አይደለም። ከቡራዩ የሚወርደው ውሃ በትንሹ አቃቂ በኩል አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይገባል፤ የሰበታ ወንዝም መድረሻው አዋሽ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ደግሞ በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ያመራል። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብም የሚገኘው በቡራዩ ነው። እዚህ የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ መምረጥ የተፋሰስ ውሳኔም ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ሕግ አለመጥፋቱ፣ የጎደለው ሕጎቹ የሚገናኙበት የፈቃድ ሥርዓት መሆኑ ነው።

ሕጎቹና ክፍተታቸው

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻን በተቀናጀ ሥርዓት እንዲያስወግዱ ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን ይጠይቃል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የማስወገጃ ቦታ ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንዲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ ደንግጎ ነበር። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ፍሳሽን ወደ ውሃ አካል ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል።

ችግሩ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው። ዝናቡ ወደ ቆሻሻ ክምሩ ሰርጎ ከሥር ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ይወጣና ወደ ጅረት ይወርዳል። ማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊነቴ ደረቁ ቆሻሻ ነው ይላል፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱም ቦታው ሲመረጥ አልተጠየቅሁም ይላል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ሕግ አላቸው፤ ጅረቱ ግን ባለቤት ያጣል።

የሰንዳፋ ትምህርት

በፈረንሳይ ገንዘብ ለአዲስ አበባ የተገነባው የሰንዳፋ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በወራት ውስጥ በአርሶ አደሮች ተቃውሞ ተዘጋ። ቆሻሻው ቆሼ ወደሚባለው ወደ ቀድሞው የረጲ ማስወገጃ ተመለሰ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ማስወገጃው በኦሮሚያ፣ ተጠቃሚው አዲስ አበባ ሆኖ ሳለ፣ የአካባቢው ሰው ስምምነትና ካሳ በቅድሚያ እልባት አላገኘም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49(5) ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ያላትን ልዩ ጥቅም ቢያውቅም ዝርዝሩን ለሌላ ሕግ ትቶታል።

የመፍትሔ ሐሳብ

ቅንጅት በስብሰባ ብዛት አይመጣም። ማንኛውም የማስወገጃ ቦታ ከመመደቡ በፊት የተፅዕኖ ግምገማው፣ የውሃ ፈቃዱ፣ የካሳ ስምምነቱና ቦታው ሲዘጋ የሚከተለው አያያዝ በአንድ መዝገብ ተያይዘው መቅረብ አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ መሬቱ አይሰጥ። የፌዴራል፣ የክልልና የከተማ አካላት ኃላፊነት ቢለያይም ፊርማቸው እዚያው መዝገብ ላይ ይሁን። ውሃው የሚያልፍበት ከተማም አስተያየቱን ይስጥ።

ይህ አሠራር ምደባውን ያዘገያል፤ ሆኖም የሰንዳፋው አቋራጭ ያስከፈለው ዋጋ ይበልጣል። አዋጅ 300/1995 ማንኛውም ሰው ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤት እንዲል፣ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ መብት ሰጥቶታል። አንድ መዝገብ ቢኖር አቤት ባዩ ማንን እንደሚከስ ያውቃል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም ሊመዘን የሚገባው ፌስታልን በማገዱ ብቻ ሳይሆን፣ ማስፈጸሚያው ይህን መዝገብ ግዴታ በማድረጉ ነው።