ልዕለ ስሉፍ ጋዝ

በሕክምና ፊዚክስ ‘ሃይፐርፖላራይዝድ ጋዝ’ የሚባል ነገር አለ። ወደ አማርኛ ልመልሰው ስሞክር መጀመሪያ የመጣልኝ ‘ዋልታ’ የሚለው ቃል ነበር። ተውኩት። ‘ዋልታ ረገጥ’ን ከፖለቲካው የለመደ አንባቢ ሁለት የተራራቁ ጎራዎችን ያስባል፤ እዚህ ግን በየአቅጣጫው የነበሩ የአቶሞች ኒውክለሶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ስለዚህ ከ‘ሰልፍ’ ‘ስሉፍ’ን፣ ከ‘ልዕለ ኃያል’ ደግሞ ‘ልዕለ’ን ወስጄ ‘ልዕለ ስሉፍ ጋዝ’ እንድንለው ሐሳብ አቀርባለሁ።

ጋዙ የሚፈለገው ሳንባን ሳይከፍቱ ለማየት ነው። ኤምአርአይ ምስል የሚሠራው በአብዛኛው በሰውነት ውሃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን በሚያገኘው ምልክት ነው። ሳንባ ግን የተሞላው በአየር ስለሆነ በተለመደው ምስል ላይ ጠቁሮ ይቀራል። በቤተ ሙከራ አይጥ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምትስበው አየር 0.2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ በደቂቃም ከ100 ጊዜ በላይ ትተነፍሳለች።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ውሃውን ትተው ጋዙን አሰለፉ። ከእነዚህ ጋዞች አንዱ የሆነው ዜኖን-129 እንዲሁ ሲተው፣ ብርቱ ማግኔት ውስጥ እንኳ ከሚሊዮን ኒውክለሶች ለአንዱ አቅጣጫ የሚያደሉት ጥቂት ናቸው። የሌዘር ብርሃን የሩቢዲየምን ትነት ያሰልፋል፤ ሩቢዲየሙ ከዜኖን ጋር ሲጋጭ ሰልፉን ያስተላልፍለታል። ምልክቱ በአሥር ሺዎች እጥፍ ይጎላል። አይጧ ጋዙን ስትስብ አየር የደረሰበት የሳንባ ክፍል ይበራል፣ ያልደረሰበት ይጨልማል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ዜኖን ደም ውስጥ መሟሟቱ ነው። ከአየር ከረጢቱ ወደ ሳንባው ግድግዳ፣ ከዚያም ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ሲያልፍ የምልክቱ ድግግሞሽ ይለወጣል፤ የኦክስጅንን መንገድ እየተከተለ የት እንደደረሰ ይናገራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንደኛው ሳንባቸው የተጎዳ አይጠ መጎጦችን አይተው ነበር። በተጎዳው በኩል ጋዙ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል፤ ወደ ቀይ ሕዋሱ መሻገሩ ግን ዘግይቷል። ቀድሞ የሳንባ ሕመምን ሂደት ለማወቅ በየደረጃው እንስሳት ተገድለው ሳንባቸው ይመረመር ነበር። አሁን ያችኑ አንዷን አይጥ አደንዝዞ ደጋግሞ ማየት ይቻላል፤ ይህ ለእንስሳቷም ለውጤቱም ይበጃል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የዜኖን ምስል ከገላዋ የወጣ የአይጥ ሳንባ ነበር። በ2022 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ልዕለ ስሉፍ ዜኖንን ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሳንባ ምርመራ ፈቀደ።