ጥንታውያን ግሪኮች ስለ ነገር ሁሉ መነሻና ስለ እውነት የጠየቁት ጥያቄ

የግሪክ ጠቢባን ስም ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «አንጋረ ፈላስፋ» የተባለው መጽሐፍ የሶቅራጥስንና የአፍላጦንን ስም እየጠራ ምክር ያስተምራል። ከእነዚህ ከሁለቱ በፊት ግን ሌሎች ጠያቂዎች ተነሥተው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የእነርሱን ነገር ነው። ከሰጡት መልስ አብዛኛው ዛሬ ወድቋል፤ የጠየቁት ጥያቄ ግን እስካሁን ቆሞ ይገኛል። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ከታሪካቸው እንመልከት።

ነገሩ የተጀመረው በአቴና አይደለም፤ ከባሕር ማዶ፥ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ሚሊጢን በምትባል የወደብ ከተማ ነው። የሚሊጢን ሰዎች ነጋድያን ስለ ነበሩ መርከቦቻቸው እስከ ግብፅና እስከ ጥቁር ባሕር ይመላለሱ ነበር። ከዚህች ከተማ የወጣው ታሌስ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ585 ዓመት የሆነውን የፀሐይ ግርዶሽ አስቀድሞ ተናግሯል ብሎ ሄሮዶቱስ ጽፎለታል። ታሌስ «ይህ ሁሉ ልዩ ልዩ ነገር መነሻው ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀና «ውሃ ነው» ብሎ መለሰ። አሪስጣጣሊስ ምክንያቱን ሲገምት፥ ምግብም ዘርም ርጥበት ያለው መሆኑን ተመልክቶ ይሆናል ይላል። መልሱ ስሕተት ነው። ነገር ግን በምክንያት የተደገፈ መልስ ነበረ፤ ምክንያት ያለውን መልስ ደግሞ ሌላ ሰው ሊመረምረው ይችላል።

በእርግጥም መረመሩት። የዚያው ከተማ ሰው አናክሲማንድሮስ፥ መነሻው ውሃም ሌላም የምናውቀው ነገር ሊሆን አይችልም፤ ወሰን የሌለው አንድ ነገር ነው አለ። ምድርም በምንም ላይ ሳትቆም፥ ከሁሉ አቅጣጫ በእኩል ርቀት ስለምትገኝ ወዴትም ሳታዘነብል ጸንታ ትኖራለች ብሎ አስተማረ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው አናክሲሜኔስ ደግሞ መነሻው አየር ነው፤ ሲጠብቅ ይቀዘቅዛል፥ ሲላላ ይሞቃል አለ። ለዚህም ማስረጃው ትንፋሽ ነበረ፤ ከንፈራችንን ገጠም አድርገን በመዳፋችን ላይ እፍ ብንል ይቀዘቅዛል፥ አፋችንን ከፍተን ብንተነፍስ ግን ይሞቃል። ይህን ማንኛውም ተማሪ በመቀመጫው ላይ ሆኖ ሊሞክረው ይችላል። እፍ ያልነው ትንፋሽ የሚቀዘቅዘው በአካባቢው ያለውን አየር እየሳበ ስለሚሄድ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ቢሆንም አናክሲሜኔስ ነገሩን በሚዳሰስ ማስረጃ ለማስረዳት መሞከሩ ያስመሰግነዋል።

እንግዲህ ሦስቱ የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ኋለኛው የፊተኛው ደቀ መዝሙር ነበረ ይባላል። ሆኖም አንዱም የመምህሩን ቃል እንዲሁ እየደገመ አልቀረም። ከመምህሩ ጥያቄውን ተቀበለ፤ መልሱን ግን መዝኖ በተሻለ ለመተካት ደከመ። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ይመስለናል።

ከዚህ በኋላ ከፊተኛው የከበደ ሁለተኛ ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም «በዓይናችን የምናየው እውነት ነውን?» የሚል ነው። የኤፌሶኑ ሄራክሊጦስ ወንዝን ምሳሌ አድርጎ፥ ውሃው ዘወትር ሌላ እየሆነ እንደሚያልፍ ዓለምም ሁልጊዜ በመለወጥ ላይ ነው አለ። በደቡብ ኢጣልያ በኤልያ ከተማ የነበረው ፓርሜኒዴስ ደግሞ ተቃራኒውን ተናገረ። ያለ ነገር ከሌለ ነገር ሊመጣ አይችልም፥ ወደ አለመኖርም ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህ መለወጥ የምንለው ለዓይን የሚመስል ብቻ ነው አለ። ደቀ መዝሙሩ ዜኖንም ይህን ለመደገፍ የአኪሌስንና የኤሊን እሽቅድምድም አመጣ። ኤሊዋ ቀድማ ከተነሣች፥ ፈጣኑ አኪሌስ እርሷ ወደ ነበረችበት ሥፍራ ሲደርስ እርሷ ጥቂት ወደ ፊት ትሄዳለች፤ እንደ ገናም ሲደርስ እንዲሁ፤ ስለዚህ ሊቀድማት አይችልም አለ። ዓይን «ይቀድማታል» ይላል፥ የዜኖን ክርክር «አይቀድማትም» ይላል። የትኛውን እንመን? የሒሳብ ሊቃውንት ይህን እንቆቅልሽ አጥርተው ለመፍታት ከ2,000 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ የደከሙም ነበሩ። የሲሲልያው ኤምፔዶክሌስ መሬት፥ ውሃ፥ ነፋስና እሳት የማይጠፉ ሲሆኑ፥ የሚለወጠው መቀላቀላቸው ነው አለ። እነዚህን በአገራችን የአብነት ትምህርት «አራቱ ባሕርያት» ሲባሉ እናውቃቸዋለን። ሌውኪጶስና ዴሞክሪጦስ ደግሞ ነገር ሁሉ በባዶ ሥፍራ ከሚንቀሳቀሱ እጅግ ረቂቅ ከሆኑ ቅንጣቶች የተሠራ ነው ብለው «አቶም» አሏቸው፤ ትርጓሜው «የማይቆረጥ» ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆሴፍ ቶምሰን ከአቶም የሚያንሰውን ኤሌክትሮን ስላገኘ፥ «የማይቆረጥ» የተባለው ቅንጣት ክፍል ያለው ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ በኬሚስትሪ መጽሐፋችን ላይ አለ።

እውነትን መጠየቅ ያለ ዋጋ እንዳልሆነም ታሪክ ያስተምረናል። አናክሳጎራስ በአቴና ሲኖር፥ ፀሐይ አምላክ አይደለችም፥ ከፔሎፖኔሶስ የምትበልጥ የጋለች ድንጋይ ናት በማለቱ ተከሰሰ፤ አቴናንም ትቶ ወደ ላምፕሳኮስ ሄዶ በዚያ ሞተ። የላምፕሳኮስ ሹማምንት ምን እንዲያደርጉለት እንደሚወድ ቢጠይቁት፥ እርሱ በሞተበት ወር በየዓመቱ ለልጆች ዕረፍት እንዲሰጥ ለመነ፤ ልማዱም ለብዙ ዘመን ተጠበቀ ይባላል።

እኛም ተማሪዎች የትምህርት ቤታችንን በዓል ስናከብር እነዚህን ሰዎች የምናስባቸው፥ ሁሉን ዐውቀዋል ብለን አይደለም። መልሳቸውን በምክንያት ደግፈው ለሌላው ምርመራ ስላቀረቡ ነው። መምህር በክፍል ውስጥ «ለምን?» የሚል ተማሪ ሲያገኝ፥ ወላጅም በቤቱ እንዲሁ ሲጠየቅ፥ ጥያቄውን እንደ ድፍረት ባይቆጥረው መልካም ነው። ተማሪውም በበኩሉ የሚቃወመው ምክንያት ይዞ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ሲፈርስበት እውነቱን በደስታ ይቀበል።