ሳይፈላ የሚፈርስ ነገር በስንት ዲግሪ ይፈላል?



በላስታ ደጋ ንፍሮ የጣደች እናት ውሃው ቶሎ ሲንፈቀፈቅ ታያለች፤ ባቄላው ግን አልበስል ይላታል። ጥፋቱ የእንጨቱም የድስቱም አይደለም። ላሊበላ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የሚጫናት አየር ስስ ነው። በባህር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ እዚያ በ92 ገደማ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ በሆነው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ደግሞ በ86 አካባቢ ይፈላል። እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የዞረው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የተራሮቻችንን ከፍታ ከለካባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነበር። ውሃ ያፈላል፣ ቴርሞሜትሩን ያነባል፣ ከዚያ ከፍታውን ያሰላል።

ይህን የደጋ ጠባይ ይዘን ወደ ኬሚስቶቹ እንሂድ። ስኳር ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ይጠቁራል፣ ይከስላል። ሲንፈቀፈቅ ብናየውም ፈላ አይባልም፤ የሚወጣው ስኳሩ ሲፈርስ የለቀቀው የውሃ እንፋሎት ነውና። እንዲህ ያለ ነገር የፍላት ነጥቡ በምን ይታወቃል?

ከሙቀት ሸሽቶ የማንጠር ጥበብ ጥንታዊ ነው። የጽጌረዳ ሽቶ ዘይት ለብቻው ሊፈላ ከ200 ዲግሪ በላይ ይሻል፤ አበባው በደረቁ ቢጠበስ ያርራል። ከውሃ ጋር ሲፈላ ግን ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ተያይዞ ከ100 ዲግሪ በታች ይወጣል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው በአል-ኪንዲ ስም የሚታወቀው የሽቶ መጽሐፍ ስለ ማንጠር ይናገራል፤ አር-ራዚም የማንጠሪያ ዕቃዎችን ገልጿል። አውሮፓውያን ለዕቃው የሰጡት ስም ራሱ ከዐረብኛው አል-አንቢቅ የተወሰደ ነው።

በ1818 (እ.ኤ.አ.) ሉዊ ዣክ ቴናር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ሠራ። በመድኃኒት ቤት የምናውቀው፣ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣው ነው፤ ያ ግን በውሃ እጅግ የቀጠነ ነው። ንጹሑ ሲሞቅ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይፈርሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በ1894 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ሪቻርድ ቮልፈንሽታይን አየሩን በፓምፕ ከዕቃው አውጥቶ አነጠረው። ላስታ ውሃውን እንደምታደርገው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእርሱ "ደጋ" ከየትኛውም ተራራ የላቀ መሆኑ ብቻ ነው። ግፊቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ፈሳሹ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ሳይፈርስም ይነጥራል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሂሳብ ሥራ ነው። ክላፔሮን በ1834፣ ክላውዚየስም በ1850 (እ.ኤ.አ.) ግፊትና የፍላት ሙቀት እንዴት እንደሚተሳሰሩ አሳይተዋል። በተለያየ ዝቅተኛ ግፊት የተለኩት ቁጥሮች በመስመር ይያያዛሉ፤ መስመሩም እስከ ባህር ወለል ግፊት ይዘረጋል። ለሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 150 ዲግሪ ገደማ ተብሎ በየመጽሐፉ የምናነበው እንዲህ የተገኘ ነው፤ በስሌት እንጂ ምድጃ ላይ በማፍላት አይደለም። በተለይ ተማሪዎች ልብ ይበሉልን፦ ቁጥሩን "ላረጋግጥ" ብሎ የተጠናከረውን ፈሳሽ ማሞቅ ለሕይወት ያሰጋል።

ጠንቃቃ የሆኑ ሠንጠረዦች ከእንዲህ ያለ ቁጥር ጎን የተለካበትን ግፊት ይጽፋሉ። በስኳር መስመር ላይ ግን ቁጥርም የለም፤ የተጻፈው "ይፈርሳል" ብቻ ነው።