ከቀላድ እስከ ማስተር ፕላን፦ የጭሮን መሬት ማን አሰመረው?

ጭሮ ውስጥ አንድ ሰው «ካርታ አለህ ወይ?» ካላችሁ ስለ ጂኦግራፊ እየጠየቃችሁ አይደለም። የይዞታ ማረጋገጫ ማለቱ ነው። ሒርናም፣ በዴሳም፣ ገለምሶም ያው ነው። የእኔ ሙያ ሶፍትዌር ነው፤ ለእኔ ካርታ ስክሪን ላይ የሚደራረብ ሌየር ነው። ሕዝቡ ግን ቃሉን የያዘው ከታሪኩ ተነስቶ ነው፦ እዚህ አገር መስመር የሚያሰምር ሰው ሕግ እየጻፈ ነው።

መጀመሪያ ገመድ ነበር። ከ1879ኙ የጨለንቆ ውጊያ በኋላ ሐረርጌ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ፣ ቀላድ የሚባለው የመሬት መለኪያም ተከትሎ መጣ። መሬቱ በጋሻ ተቆጠረ፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ከዚያ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ተመደበ፤ ግብሩም በዚያው ልክ። እስቲ አስቡት፤ ይሄ ዛሬ በፕላን ላይ ከምናየው የቀለም መፍቻ ምን ይለያል? ልዩነቱ፣ ያኔ ገመዱ ሲዘረጋ ብዙ አራሽ በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ቀጥሎ ከተማው መጣ። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ነበሩ። ጨርጨር ለሌላው አርአያ የሚሆን አውራጃ እንዲሆን ታሰበ፤ መቀመጫውም አሰበ ተፈሪ ሆነ። ስሙ ራሱ የተፈሪን ስም ይዟል። ዛሬ ጭሮ የምንለው ማለት ነው።

1967 ላይ ሁሉም ተገለበጠ። አዋጅ 31 የገጠርን መሬት፣ አዋጅ 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረጉ። ጭሰኝነት ቀረ፤ የመሬት ሽያጭም አብሮ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ ቀጠለ። መሬቱ የማይሸጥ ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥያቄ «የማን ነው?» መሆኑ ይቀርና «ለምን ይውላል?» ይሆናል። መልሱ ያለው ፕላኑ ላይ ነው።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። መዋቅራዊ ፕላን (ሰው ማስተር ፕላን የሚለው) ለ10 ዓመት የከተማውን ዕድገት አቅጣጫ፣ ዋና ዋና መንገዶችንና የመሬት አጠቃቀሙን ያሳያል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወርዶ የሕንጻ ከፍታና የውስጥ መንገድ ድረስ ይገባል። በሊዝ አዋጁ 721/2004 መሠረት ቀለሙ ዕድሜም አለው፦ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለከተማ ግብርና 15 ዓመት። አንድ ኮረብታ፣ አንድ አፈር፤ ልዩነቱ 84 ዓመት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የከተማው ወሰን ነው። ከመስመሩ ወዲያ ያለ ገበሬ ጫትና ቡናው በገጠር መሬት ሕግ ሥር ነው፤ የጊዜ ገደብ የሌለው የመጠቀም መብት አለው። መስመሩ ሲገፋ ማሳው ሳይነቃነቅ ሕጉ ይቀየርበታል። ከዚያ የሚመጣው ሽንሸና፣ ካሳ፣ ጨረታ ነው።

ይሄ የቢሮ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አገሩ ሁሉ አይቷል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን ሚያዝያ 2006 ተቃውሞ ቀሰቀሰ። ኅዳር 2008 እንደገና ተነሳ፤ ከአዲስ አበባ ብዙ ርቆ ያለውን ምዕራብ ሐረርጌንም አዳረሰ። የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ። ጭሮ ያለ ወጣት ስለ ሰበታ ካርታ ለምን ተቆጣ? ቀላዱን የሚያስታውስ አያት ስላለው ይመስለኛል።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። ፕላኑ መቼ ጸደቀ፣ 10 ዓመቱስ መቼ ያልቃል? ቦታዬ ላይ ያረፈው ቀለም የትኛው ነው፣ የመንገዱስ ስፋት ስንት ሜትር ነው? ወሰኑ ዛሬ የት ነው፣ በረቂቁ ላይስ የት ደርሷል? አዋጁ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ ያዛል። ቀላድ ጣዩ አያቶቻችንን አልጠየቀም ነበር። እኛ የመጠየቅ መብት አለን፤ የሚጠቅመው ግን መስመሩ ሳይደርቅ ከተናገርን ነው።